የጆሮ መበሳት ክፍያና ጉርሻ

የጆሮ መበሳት ጉርሻ ጆሮውን ወይም አፍንጫውን የተበሳ ሰው፣ ሕፃን ከሆነች ደግሞ ቤተሰቧ፣ ከተስማሙበት ዋጋ በላይ ለበሳው ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ መጠኑ በልማድ እንጂ በደንብ የተወሰነ አይደለም። ይህ መጣጥፍ በተለይ የሚመለከተው በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘውን የአንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። እዚያ ዋጋ የሚቆረጠው በክርክር ስለሆነ የጉርሻው ነገር ሆቴል ቤት ሂሳብ ላይ እንደሚተው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ስያሜ

«ጉርሻ» በመጀመሪያ ትርጉሙ በእጅ ተጠቅልሎ ለሌላ ሰው አፍ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ «ጎረሰ» እና «አጎረሰ» ከሚሉት ግሶች ጋር አንድ ሥር አለው። ከዚያ ተነሥቶ ለአስተናጋጅ፣ ለፀጉር አስተካካይ፣ ለዕቃ ተሸካሚ የሚሰጥ ትርፍ ገንዘብ መጠሪያ ሆነ። ሁለቱን ትርጉሞች የሚያገናኛቸው ፈቃድ ነው፤ ጠይቆ የሚጎርስ ሰው የለም። በከተማ «ቲፕ» የሚለው ቃልም በሰፊው ይሠራበታል። «የሻይ» የሚባለው ግን ሁለት ፊት አለው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሲሰጥ ጉርሻ ነው፤ ጉዳይ እንዲያልቅ አስቀድሞ ሲሰጥ ደግሞ የጉቦ ሌላ ስም ነው። ጆሮ በሚበሳበት ቦታም ይህ የቅደም ተከተል ልዩነት ዋጋ አለው፤ ከታች ይታያል።

ታሪካዊ ዳራ

ጆሮ መበሳት በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ወይም ገና ትንሽ ሳለች ትበሳለች። ወንዶችም ጉትቻ ያደርጉ ነበር፤ በድሮ ዘመን ዝሆን የገደለ አዳኝ የጀግንነቱ ምልክት እንዲሆን የወርቅ ጉትቻ ያጠልቅ ነበር።

በየሰፈሩ ጆሮ የምትበሳው ብዙውን ጊዜ እጇ የታመነ ጎረቤት ወይም የቤተሰቡ አሮጊት ነበረች። መሣሪያዋ መርፌና ክር ነው፤ ክሩ ቀዳዳው እንዳይደፈን በጆሮው ውስጥ ይቀራል፣ ቅቤ ይቀባል። በእንዲህ ያለው ቤት ዋጋ መጠየቅ ነውር ሲሆን ቡና ይፈላል፣ ቁርስ ይቀርባል፣ ሴትዮዋም መርቃ ትሄዳለች። ስለዚህ በድሮው ልማድ ክፍያውና ጉርሻው አልተለያዩም ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱ የተለያዩት ሥራው ወደ ሱቅና ወደ ውበት ሳሎን ሲገባ ነው።

መርካቶ የአሁኑን ቦታውን የያዘው በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዛሬ ከገበያው እጅግ ከሚጨናነቁት ክፍሎች አንዱ ነው።

የዋጋው አሠራር

አንድ ሰው ጉርሻ ስለ መስጠት ከማሰቡ በፊት የተነገረው ዋጋ ምን ምን እንደያዘ መለየት አለበት። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው ለመብሻው ለብቻ፣ ለጉትቻው ለብቻ ይከፈላል። በሁለተኛው ጉትቻውን የገዛ ሰው መብሻው በነፃ ነው ይባላል። በዚህ በሁለተኛው የበሳው ሰው ድካም በሂሳቡ ላይ በፍጹም አይታይም፤ ስለሆነም ጉርሻ ከሁሉ በላይ ተገቢ የሚሆነው «ነፃ» በተባለበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያደርጋል፤ ነፃ ስለተባለ አመስግኖ ይወጣል።

ቀጥሎ የሚታየው የበሳው ሰው ማን እንደሆነ ነው። ባለሱቁ ራሱ ከበሳ የተከፈለው ዋጋ በሙሉ የእሱ ስለሆነ ጉርሻ አይጠበቅበትም። ተቀጣሪ ከሆነ፣ ወይም እንደ ብዙ የሳሎን ሠራተኞች በፐርሰንት የሚሠራ ከሆነ፣ ጉርሻው ለእሱ ትርጉም አለው። «አስቀንሶ መልሶ መስጠት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የኪስ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ 50 ብር አስቀንሶ 50 ብር ጉርሻ የሰጠ ሰው ገንዘቡን ለአንድ ሰው አልመለሰም፤ የተቀነሰው ከባለሱቁ ኪስ ነው፣ የተሰጠው ለሠራተኛው ነው። ሠራተኛው በፐርሰንት የሚከፈለው ከሆነ ግን ማስቀነሱ ከእሱም ድርሻ ይነካል።

ደንበኛውን ከመንገድ ወደ ሱቁ የሚመራ ደላላ አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይቆማል። የደላላው ኮሚሽን ከባለሱቁ ጋር ያለው ሂሳብ ስለሆነ ከጉርሻ ጋር አይቆጠርም።

አሰጣጥ

ጉርሻ የሚሰጠው ሁለቱም ጆሮዎች ተበስተው፣ በመስታወት ታይተው፣ ዋናው ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ ነው። ከባንኮኒው ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በእጅ መስጠት ይመረጣል፤ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ ብር የሱቁ ነው ወይስ የሠራተኛው የሚለው አይለይም። በብዛት የሚሰማው አነጋገር «መልሱን ያዘው» ወይም «ለሻይ ትሁንሽ» የሚል ነው። ተቀባዩ እንደየእምነቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ወይም «ጀዛከላህ ኸይር» ይላል፤ ለሴት ሲሆን «ጀዛኪላህ ኸይር» ነው። በዕድሜ ከገፉ እናት ጋር ከሆነ ገንዘቡን በሁለት እጅ ማቅረብ ያከብራቸዋል። በመቶኛ አስልቶ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ መልሱን ማጠጋጋት ይበቃል። ምንም ያልሰጠ ሰውም አይወቀስም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድ አዲስ ችግር መጥቷል። ሂሳቡን ከነጉርሻው በሱቁ የነጋዴ ቁጥር የላከ ሰው ጉርሻውን ለባለሱቁ ልኳል ማለት ነው። ለሠራተኛው እንዲደርስ የሚፈልግ በጥሬ ገንዘብ ቢሰጥ ወይም በሠራተኛው የራሱ ስልክ ለይቶ ቢልክ ይሻላል።

ለምታለቅስ ልጅ ከረሜላ የሚሰጠው በሺው ነው። ይህ በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ጉርሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉርሻና ንጽሕና

አስቀድሞ የሚገባ የጉርሻ ተስፋ፣ «ብቻ አሳምረህ ሥራልኝ፣ አስደስትሃለሁ» የሚባለው ዓይነት፣ በዚህ ሥራ ላይ ጎጂ ነው። ንጹሕ መርፌ የዋጋው አካል እንጂ በማስደሰት የሚገኝ ተጨማሪ ነገር መሆን የለበትም። በሌላ በኩል ዋጋውን ከልክ በላይ አስቀንሶ በመጨረሻ በጉርሻ ማካካስም አይሠራም፤ መርፌው በዚያን ጊዜ ሥራውን ጨርሷል። ክርክሩ በጉትቻው ዋጋ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በበሽታው በተያዘ ሰው ደም በተበከለ መርፌ የተወጋ የጤና ባለሙያ ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ክትባት ላልወሰደ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከታሸገበት ወረቀት በደንበኛው ፊት መውጣት አለበት፣ የበሳውም ሰው እጁን ታጥቦ አዲስ ጓንት ማድረግ አለበት። በተለምዶ «ማሽን» የሚባለው የሽጉጥ ቅርጽ ያለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ሊቀቀል አይችልም፤ በአልኮል መጥረግ ብቻውን አያጸዳውም። በተለይ ለአፍንጫና ለላይኛው የጆሮ ቅርጫት ይህን መሣሪያ መጠቀም አይመከርም።

የታችኛው የጆሮ ጫፍ ለመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ቅርጫቱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል። ቀዳዳው ተንጋዶ ከወጣ ወይም ካመረቀዘ ደንበኛው ተመልሶ ሄዶ መናገር መብቱ ነው፤ ለዚያ ጉብኝት ጉርሻ አይሰጥም። ካመረቀዘ ግን ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይቀድማል። ቁስሉ የሚያብጥበት ዝርያ ያለው ሰው (ኬሎይድ) ከመበሳቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

በጤና ተቋም

አንዳንድ የግል ክሊኒኮች ጆሮ ይበሳሉ። በዚያ ቦታ በካሽ መዝገብ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል በቂ ነው፤ ነርሷን በቃል ማመስገን የተለመደ ነው። በመንግሥት ተቋም ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ የማይገባ ጥቅም እንዳይቀበል ይከለክላል። ሰጪው ቅን ልብ ቢኖረውም ተቀባዩን ችግር ላይ ሊጥል ይችላል።

በሌላ አካባቢ

በአሜሪካ ለበሳ ባለሙያ ከሂሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት እንደ ግዴታ የሚቆጠር ልማድ ነው፤ ከዚያ የመጡ ዘመዶች በመርካቶም ይህንኑ ሲያሰሉ ይታያሉ። በጃፓን ደግሞ ጉርሻ መስጠት ተቀባዩን ግራ ያጋባል። በአረብ አገሮች «በቅሺሽ» የሚባለው ከፋርስኛ የመጣ ቃል ነው።

በደቡብ ኦሞ ከንፈራቸውን ቀደው የሸክላ ጌጥ የሚያደርጉ የሙርሲ ሴቶች ፎቶ ለሚያነሣቸው ቱሪስት ገንዘብ ይጠይቃሉ። አስጎብኚዎች ይህን «ቲፕ» ሲሉት ይሰማል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሚጠየቅና በክርክር የሚቆረጥ ስለሆነ ዋጋ እንጂ ጉርሻ አይደለም።