የፍቅር ደብዳቤ የተባለው ትልና ከቤት ኮምፒዩተር የተነቀለበት መንገድ

ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን የነገሥታት ዙፋንና የጦር ሜዳ ነው። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት የመረጥነው የአንዲት አጭር ጽሑፍ ታሪክ ነው። ይህች ጽሑፍ እ.አ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ከማኒላ ተነሥታ ዓለምን ዞረች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ በአገራችንም የፋሲካ ሳምንት ነበረ። የብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ማለዳ ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው ኢሜል አገኙ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ትል የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ባጭሩ መግለጽ ይገባናል። ቫይረስ በሌላ ፕሮግራም ላይ ተለጥፎ የሚኖር ሲሆን፤ ትል ራሱን ችሎ የቆመና ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ራሱን እየቀዳ የሚጓዝ ነው። ስሙ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ብራነር እ.አ.አ. በ1975 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በኋላም እ.አ.አ. በ1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል በግምት 6000 ኮምፒዩተሮችን አንቆ ስለ ያዘ ቃሉ በሰው ሁሉ አፍ ገባ። እ.አ.አ. በ1999 ደግሞ ሜሊሳ የተባለችው መጣች፤ እርስዋ ከአድራሻ መዝገብ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ብቻ ራስዋን ትልክ ነበር። የማኒላው ትል ግን በመዝገቡ ለተጻፈው ሰው ሁሉ ይልካል። ፍጥነቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ተንኰሉ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፤ ደብዳቤው የሚመጣው ከማይታወቅ ሰው ሳይሆን ከወዳጅ፤ ከአለቃ ወይም ከዘመድ ነው፤ ምክንያቱም ትሉ የሚጓዘው በተያዘው ሰው ስም ነው። ሁለተኛ፤ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ፋይል ስሙ «ለአንተ የፍቅር ደብዳቤ» ሆኖ መጨረሻው ላይ ሁለት ቅጥያ ነበረው፤ ፊተኛው «ቲኤክስቲ»፤ ኋለኛው «ቪቢኤስ»። ቲኤክስቲ ተራ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ቪቢኤስ ግን ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ደግሞ የሚያውቀውን ቅጥያ ለተጠቃሚው እንዲደብቅ ሆኖ የተሠራ ነበርና ሰው የሚያየው ፊተኛውን ብቻ ሆነ። እንደ እኛ አስተያየት ዋናው ጥፋት ከዚህ ላይ ነው፤ በር ላይ የቆመውን እንግዳ ፊቱን እየሸፈኑ ለባለቤቱ ማሳየት ምን ይባላል?

ባለቤቱ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ሲጫን ትሉ ሥራውን ይጀምራል። በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ «ዊን32ዲኤልኤል» በሚል ስም፤ በሲስተም ማኅደር ውስጥ ደግሞ «ኤምኤስከርነል32» በሚልና በራሱ በፍቅር ደብዳቤው ስም ይቀመጣል። ስሞቹ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች እንዲመስሉ ሆን ተብሎ የተመረጡ ናቸው። ከዚያም ሬጅስትሪ በሚባለው፤ ዊንዶውስ ውሉንና ደንቡን በሚያኖርበት መዝገብ ውስጥ ስሙን ያስገባል፤ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር እርሱም አብሮ ይነሣል። አውትሉክ በሚባለው የደብዳቤ ፕሮግራም ራሱን ለሁሉ ይልካል። በመጨረሻም ዲስኩን ሁሉ እየዞረ ፎቶግራፎችን ያጠፋና በቦታቸው የራሱን ቅጂ ይተካል።

እንግዲህ ትልቁ መሥሪያ ቤት ባለሙያ አለው። የእንግሊዝ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትና የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር የኢሜል አገልግሎታቸውን ዘግተው ባለሙያዎቻቸውን አሰማሩ። በቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ያለውና የመከላከያ ፕሮግራም ያልገዛ አባወራ ግን ምን ያድርግ? በገዛ እጁ መንቀል ነበረበት። እኛም በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነቀላው ሥርዓት ያለው ነገር ነውና።

መጀመሪያ የስልኩን ገመድ ከሞደሙ መንቀል ያስፈልጋል፤ ትሉ ለሌላ ሰው እንዳይተርፍ። ቀጥሎ ኮንትሮል፤ አልት እና ዲሊት የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ በሚወጣው ዝርዝር ላይ «ደብልዩስክሪፕት» የሚል ቢገኝ እርሱን ማስቆም ነው፤ ትሉ የሚናገርበት አፉ ይህ ነውና። ሦስተኛው ሥራ ዊንዶውስ የደበቀውን ሁሉ እንዲያሳይ ማዘዝ ነው፤ የተሰወሩ ፋይሎችንም የስም ቅጥያዎችንም። ይህ ሳይደረግ ነቀላ መጀመር በጨለማ እንደ ማረም ይቈጠራል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሬጅስትሪው ይገባል። በዚህ ቦታ እጅን መሰብሰብ ይገባል፤ የማይነካውን የነካ ሰው ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሣም ሊለው ይችላልና። የሚሰረዙት መስመሮች የታወቁ ናቸው፤ «ረን» ከሚባለው ክፍል ኤምኤስከርነል32ን፤ «ረንሰርቪስስ» ከሚባለው ዊን32ዲኤልኤልን። ትሉ ከኢንተርኔት የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ለማውረድ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን የመክፈቻ ገጽ ይለውጥ ስለ ነበር፤ ገጹም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ያ ሌባ ፕሮግራም የተቀመጠበት ገጽ ቶሎ በመዘጋቱ ብዙ ሰው ከዚህኛው ተረፈ።

አሁን ፋይሎቹን መሰረዝ ነው። በመፈለጊያው መሣሪያ ቅጥያው ቪቢኤስ የሆነውን ሁሉ ሲያስፈልጉት በመቶ የሚቈጠር ዝርዝር ሊወጣ ይችላል፤ ሁሉም መጠናቸው እኩል፤ 10 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በዚህም ይታወቃሉ። በትምህርት ቤታችን ስለ ስንዴና ስለ እንክርዳድ የተማርነው ምሳሌ ትዝ ይለናል፤ እንክርዳዱን ስንነቅል ስንዴውን አብረን እንዳንነቅል እንፈራለን። በዚህ ማሳ ግን ይህ ሥጋት አልነበረም፤ ትሉ የነበሩትን የቪቢኤስ ፋይሎች ሁሉ አስቀድሞ በራሱ ቅጂ ለውጧቸዋልና። አንዲት ሳትቀር መሰረዝ ይገባ ነበር። ምክንያቱም «ሠርግ» የሚል ስም ያላት አንዲት ፋይል ብትቀር፤ ከወራት በኋላ ከልጆቹ አንዱ የወላጆቹን ፎቶግራፍ አያለሁ ብሎ ሲጫናት ነገሩ ሁሉ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ትሉ የሙዚቃ ፋይሎችን አያጠፋም፤ ይሰውራቸውና በስማቸው ቅጂውን ያኖራል፤ ስለዚህ የተሰወረውን መግለጥ ብቻ ዘፈኑን ይመልሰዋል። ፎቶግራፎቹ ግን ጠፍተዋል። በሌላ ዲስክ ቅጂ ያላኖረ ወይም ለዘመድ ያልላከ ቤተሰብ የልጁን የክርስትና ሥዕል በምንም ጥበብ አያገኘውም። ከነቀላው በኋላ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ባዶ ማኅደር ታያለች። በጋዜጦች የተጻፈው ጉዳት በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር፤ ይህኛውን ግን ማንም አልቈጠረውም።

በመጨረሻም የመጣውን ደብዳቤና የተላኩትን ቅጂዎች ከአውትሉክ አጥፍቶ፤ በአድራሻ መዝገብ ላሉት ሰዎች ስልክ መደወል ይቀራል። «በስሜ የመጣልህን የፍቅር ደብዳቤ አትክፈት» ብሎ ለአለቃ መንገር ለአንዳንዱ ሰው ከሬጅስትሪው የከበደ ሥራ ሳይሆን አልቀረም።

ስለ ደራሲውም ጥቂት እንበል። መርማሪዎች የደረሱት ኦኔል ደ ጉዝማን በተባለ የማኒላ ኮሌጅ ተማሪ ዘንድ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለመመረቂያ ያቀረበው የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ዕቅድ በመምህራኑ ተከልክሎ ነበር። በፊሊፒንስ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። ሕጉ በጁን 2000 ቢወጣም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀጣው ስላልቻለ፤ በኦገስት ወር ክሱ ተነሣለት። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በማኒላ ስልክ በሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ አገኘው። እርሱም ትሉን የሠራ እርሱ መሆኑን አመነ፤ ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው የሰው የይለፍ ቃል ለማግኘት እንደ ጀመረው፤ ባሕር ይሻገራል ብሎም እንዳላሰበ ነገረው።