የሰፈር ስሞችና መዝገበ ቃላት

«ሰፈር» የሚለው ስም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች መንደር ስለ ሆኑ፣ ቃሉ ከጦር ማረፊያነት ወደ መኖሪያ መጠሪያነት ተሸጋገረ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ለዚህ ምስክር ነው። «ካዛንቺስ» ግን ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም ነው። ተናጋሪው ሁለቱን አዋሕዶ አንድ የአማርኛ ቃል አደረጋቸው። በ2017 ዓ.ም. ብዙዎቹ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ቤት በቤት ይተካል፤ የስሙን አመጣጥ የሚያውቁ ጎረቤቶች ከተበተኑ ግን ቃሉ ያለ ፍች ይቀራል። ስለዚህ የሰፈር ስሞች ከነአመጣጣቸው በመዝገበ ቃላት ሊገቡ ይገባል እንላለን።