ድልድይ ላይ ግራ የገባው መኪና

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነን፤ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የሸቭሮሌት ቫን በዛፎች መካከል ያዘግማል። ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ በእግራችሁ ብትሄዱ ትቀድሙታላችሁ። ግን መሪውን የያዘ ሰው የለም።

የቫኑ ሆድ በኮምፒውተር ተሞልቷል። መብራት የሚሰጣቸው ጄኔሬተርም አብሮ ይጓዛል። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ፍሪጅ ያክላል፤ ስሙ ዋርፕ ነው። በሰከንድ እስከ 100 ሚሊዮን ስሌት መሥራት ይችል ስለነበር በጊዜው ሱፐርኮምፒውተር ይባል ነበር። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ቢሆንም በዋርፕ አትሳቁ፤ ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የሚሠራው ሥራ ያኔ በእሱ ተሞክሯል።

ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች መኪናን መንዳት የሚያስተምሩት ደንብ በመጻፍ ነበር። የመንገድ ቀለም እንዲህ ነው፣ ጠርዙ እንዲህ ይመስላል፣ ጥላ ሲያጋጥምህ ይህን አድርግ እያሉ። ፀሐይዋ ትንሽ ስትዞር ደንቡ ይፈርሳል፣ እንደገና ይጻፋል። ዲን ፖመርሎ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ደንቡን ትቶ ምሳሌ ብቻ አሳየው። «አልቪን» ብሎ ለሰየመው የነርቭ መረብ (ኒውራል ኔትወርክ) በኮምፒውተር የተሠሩ 1,200 የመንገድ ምስሎችን ከትክክለኛው የመሪ አቅጣጫ ጋር ደጋግሞ አቀረበለት። ስልጠናው በዋርፕ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባልደረቦቹ በደንብ የሚሠራውን ዘዴ ለማስተካከል ወራት ፈጅቶባቸው ነበር! በ1989 በታተመው ጽሑፉ ላይ እንደገለጸው፣ አልቪን በፀሐያማ ቀን 400 ሜትር መንገድ ራሱ ነድቷል።

አልቪን ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ራሳችሁ አስሉት። በኋላ የመጣው ዓይነት የሚያየው ምስል 30 በ32 ነጥብ ብቻ ነው፤ ማለትም 960 ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ መሃል ላይ ካሉ 4 «ነርቮች» ጋር ይገናኛል፤ አራቱ ደግሞ የመሪ አቅጣጫ ከሚናገሩ 30 መውጫዎች ጋር። 3,840 ሲደመር 120፣ 3,960 ግንኙነት። አለቀ። አንድ ደብተር ላይ ተጽፎ የሚያልቅ አንጎል ነው።

ቀጥሎ በተሳሉ ምስሎች ፋንታ እውነተኛ ሰው ሲነዳ እያየ እንዲማር ተደረገ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ችግር መጣ፤ ሰውየው ጎበዝ ሹፌር ነው! ከመንገዱ መሃል ስለማይወጣ፣ ተማሪው ስህተት እንዴት እንደሚታረም የሚያይበት ዕድል የለም። ታዲያ ሹፌሩ ሆን ብሎ ወደ ገደል ይንዳ? ፖመርሎ ዘዴ አገኘ። እያንዳንዱን የካሜራ ምስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ፣ መኪናው የሳተ የሚያስመስሉ 14 ተጨማሪ ምስሎች ሠራ፤ ለእያንዳንዱም ወደ መሃል የሚመልሰውን የመሪ አቅጣጫ አሰላ። ለእኔ ከዋርፕ ጉልበት ይልቅ ይህች ብልሃት ትልቃለች።

ግን ብልሃቷ ሁሉንም አልፈታችም። በ1991 ገደማ ፖመርሎ ሃምቪ በተባለ ወታደራዊ መኪና ላይ ሲሞክር፣ መኪናው ድልድይ አጠገብ ሲደርስ ድንገት ወደ ጎን ታጠፈ። እሱ መሪውን ፈጥኖ ባይዝ ኖሮ አደጋ ይደርስ ነበር። ምን ሆኖ ነው? ከቁጥሮቹ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ መረቡ «እንዲህ ብዬ ነው» አይልም። ፖመርሎ የተለያዩ ምስሎችን እያሳየ ሲመረምረው ነገሩ ተገለጠ። አልቪን ሲከተል የኖረው መንገዱን ሳይሆን በመንገዱ ዳር ያለውን ሣር ነበር። ድልድይ ላይ ደግሞ ሣር የለም።

በ1995 ፖመርሎና ቶድ ዮኸም ከፒትስበርግ እስከ ሳንዲያጎ 4,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዙ፤ ከመንገዱ 98.2 በመቶው ላይ መሪውን ያዞረው ኮምፒውተር ነበር፤ ነዳጅና ፍሬኑ በሰው እጅ ቢሆኑም። ያ ሶፍትዌር ግን አልቪን አልነበረም፤ የነርቭ መረቦች ለጊዜው ወደ ጎን ተባሉ።

የመለሳቸው የጌም ካርድ ነው። በ2012 አሌክስኔት የተባለው መረብ በሁለት የጨዋታ ጂፒዩዎች ላይ በ1.2 ሚሊዮን ምስሎች ሠልጥኖ ሁሉንም ጉድ አሰኘ። በ2016 ኤንቪዲያ ከካሜራ በቀጥታ ወደ መሪ የሚሠራ መረብ ሲያሳይ መነሻው አልቪን መሆኑን ጽፏል።

ከዚያ ነገሩ አደገ። በሰኔ 2021 የቴስላው አንድሬ ካርፓቲ 5,760 ጂፒዩዎች ያሉት ሱፐርኮምፒውተር አስተዋወቀ። አቅሙ በሰከንድ 1.8 ኤክሳፍሎፕ ተባለ፤ የስሌቶቹ ዓይነት ባይመሳሰልም ከዋርፕ ጋር ብናነጻጽረው 18 ቢሊዮን እጥፍ ነው። ይህ ሁሉ ለምን? ለድልድዩ ነው እላለሁ። መኪናው ያላየው ነገር ግራ ያጋባዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ማሳየት ነው። ኩባንያው ከደንበኞቹ መኪኖች አንድ ሚሊዮን ያህል አጫጭር ቪዲዮዎች ሰበሰበ፤ የትኞቹ እንደሚላኩ የሚወስኑ 221 መስፈርቶችም ነበሩት። ለምሳሌ ካሜራውና ራዳሩ ሳይስማሙ ሲቀሩ ያ ቅጽበት ለትምህርት ይፈለጋል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ቴስላ ዶጆ የተባለውን የራሱን ሱፐርኮምፒውተር ይፋ አደረገ። ዲ1 የተባለው ቺፑ 50 ቢሊዮን ትራንዚስተር ነበረው፤ 25ቱ ቺፖች እንደ አንድ ሰሌዳ ይገጠማሉ። ብዙ ተወራለት። በነሐሴ 2025 ግን የዶጆ ቡድን ተበተነ። ስልጠናው ቴክሳስ ባለው ፋብሪካ፣ ኮርቴክስ በተባለው የኤንቪዲያ ቺፖች ክምችት ላይ ቀጠለ።

ይህ ክምችት እንደ ዋርፕ መኪና ላይ አይጫንም። የሚማረው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ የሚወጣው ተምሮ የጨረሰው መረብ ብቻ ነው፤ እሱም በመኪናው ውስጥ በተገጠመ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ። ድልድይ ጋ ሲደርስ ምን እያየ እንደሚታጠፍ ግን ዛሬም የሚመረምሩ ሰዎች አሉ።