ከ«ጎልጎታ» ወዲህ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» በኢትዮጵያ የአብስትራክት ሥዕል ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ ከሚጠሩት ሥራዎች አንዱ ነው። ርእሱ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ስቅለትን በግድግዳና በብራና ላይ ለዘመናት ሥለዋል። በሥዕሎቻቸው ማርያምና ዮሐንስ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ መስመሩ ጥርት ያለ፣ ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ ነው፤ ምእመኑ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም። በ«ጎልጎታ» ላይ ግን ሕማሙን የሚናገረው ቀለሙ ነው። ደም የመሰለው ቀይ ሁሉን ይውጣል፤ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው ቀዩን ነው፣ ሥጋውን የሚለየው ቆይቶ ነው።

ሠዓሊው ለቤተ ክርስቲያን ጥበብ ባዕድ አልነበረም። በ1932 በሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ በብራና የሚጽፉና የሚሥሉ ሊቅ ነበሩ። እርሱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የጀመረውን የግብርና ትምህርት ተወና በ1957 ወደ ጀርመን አቅንቶ ኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ ተማረ። የአውሮፓ አብስትራክት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ገንኖ የነበረበት ጊዜ ነበር። ተመልሶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ሲያሳይ አድናቂም ነቃፊም አላጣም፤ ዋናው ነቀፌታ ሥራው የባዕድ ነው የሚል ነበር። እውነትም አሣሣሉ ከኮሎኝ የመጣ ነው፤ ገብረ ክርስቶስም ይህን ለመሸፈን የአገር ልብስ አላለበሰውም። ይህ ግን በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ከመቀበል አላገደውም። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የያዘው መንገድ ሌላ ነበር። ለንደንና ፓሪስ ተምሮ በ1966 ሲመለስ የክታብን ዓይንና ምልክት፣ የአፍሪካን ተረትና ሕልም በሥዕሉ አዋህዶ ነበር። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» የተቆራረጠና የተቀደደ ካርቶን ላይ የተሣለ ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት አስተምሮ አሜሪካ ሄደ፤ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመታት መምህር ሆነ።

ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ለአማርኛ አንባቢ «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙ ከሥዕሎቹ ይልቅ ቅርብ ሆኖ ቆየ፤ ሥዕል እንደ ግጥም በቃል አይያዝምና። ጀርመን ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ አገር ተመለሱ። በ2008 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ አጠገብ ከፈተ።