እንግዳ ሦስት ቀን፣ ደረሳ አሥር ዓመት፦ የዕውቀት መንገደኛ የት ያድር ነበር?



የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በላይ የሚደረግለት ሶደቃ እንደሆነ፣ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስቸግር መቆየት እንደማይገባው ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ከሀገሩ ለዕውቀት የወጣ ደረሳ ግን ሦስት ቀን ምን ያደርግለታል? ነሕዉ፣ ፊቅሁ፣ ተፍሲሩ ዓመታት ይፈልጋል። ታዲያ በድሮ ዘመን ከሩቅ የመጣ ተማሪ የት ያድር ነበር? ወጪውንስ ማን ይሸፍን ነበር?

መጀመሪያው መዲና ነው። በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መስጂድ ጥላ ሥር የሚያድሩ፣ ቤትም ዘመድም የሌላቸው ሶሓቦች ነበሩ፤ አህሉ ሱፋ ይባላሉ። ምግብ ያለው ሰው ከእነሱ አንድ ሁለቱን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ነቢዩ ያዙ ነበር። በአንድ ምሽት አቡበክር (ረ.ዐ) ሦስት ሰው፣ ነቢዩ ራሳቸው አሥር ሰው ይዘው እንደሄዱ በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ማደሪያው የመስጂዱ፣ ማዕዱ ደግሞ የጎረቤቱ ነበር ማለት ነው።

ከተሞች ሲሰፉና ተማሪው ሲበዛ ይህ ብቻ አልበቃም። የታሪክ ተመራማሪው ጆርጅ መቅዲሲ እንዳስረዳው፣ መድረሳ የተወለደው ከመስጂድና ከኻን ጋብቻ ነው። ኻን ማለት የመንገደኛ ማደሪያ ነው። በ1014 እ.ኤ.አ. የሞተው የምዕራብ ኢራኑ ገዥ በድር ኢብን ሐስነወይህ ብዙ መስጂዶችን ሲያሠራ በአጠገባቸው ከሌላ ከተማ ለሚመጡ ሰዎች ኻን ያሠራ ነበር። በ1067 (459 ሂጅራ) ባግዳድ ላይ የተከፈተው የኒዛም አልሙልክ መድረሳ ትምህርቱንና ማደሪያውን በአንድ ወቅፍ ሥር አደረገ። ልብ በሉ፤ መድረሳ የሚባለው ነገር የተሠራው «ምን ይማር?» ለሚለው ብቻ ሳይሆን «የት ይደር?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ሆኖ ነው።

እኛን በቅርብ የሚመለከተን የካይሮው ታሪክ ነው። በ972 በተከፈተው የአል አዝሀር መስጂድ ውስጥ በጊዜ ሂደት ለየሀገሩ ተማሪ ሪዋቅ የሚባል የራሱ ክፍል ተለየለት። የመግሪቦች፣ የሻሞች፣ የቱርኮች ሪዋቅ ነበር፤ የእኛም ነበር፤ ሪዋቁል ጀበርት። ከዚህ ከአፍሪካ ቀንድ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የደረሰ ወጣት እዚያ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፣ የሚመራው ሸይኽ፣ ከወቅፍ የሚሰፈርለት ዳቦ ያገኝ ነበር። ዕቃውንና ኪታቡን የሚቆልፍባት ሣጥን ቤቱ ነበረች።

የዚያ ዳቦ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? በከፊል ከቤት ኪራይ ነው! በካይሮ ረብዕ የሚባሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ክፍል እየተከራየ የሚኖርባቸው ሕንፃዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ነጋዴ ከሚያርፍበት ወካላ በላይ የተሠሩ ናቸው። ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ከአል አዝሀር አጠገብ ያሠራው፣ ሱልጣን አልጉሪም በ1504 አካባቢ ያሠራው ወካላ ዛሬም ቆመዋል። የእንዲህ ዓይነት ቤቶች ኪራይ ለመስጂድና ለመድረሳ ወቅፍ ይደረግ ነበር። አንዱ የሚከፍለው ኪራይ ሌላውን ያስተምር ነበር።

ከሪዋቁል ጀበርት ሸይኾች አንዱ በ1774 የሞቱት ሸይኽ ሐሰን አልጀበርቲ ናቸው። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ከዚህ ምድር ሄደው የሪዋቁ ሸይኽ ሆነው ነበር፤ ኃላፊነቱም በዘራቸው ቀጠለ። ሸይኽ ሐሰን በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ስለነበሩ ቤታቸው ተማሪ አይጠፋውም ነበር። ልጃቸው ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ እንደዘገበው፣ በ1159 ሂጅራ (1746 አካባቢ) ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጂኦሜትሪ ተምረውባቸዋል። በእንግድነት የገባ ቤተሰብ በተራው ለባዕድ ተማሪ በሩን ከፈተ።

ይህ ሥርዓት የተጎዳውም በዚያው ዘመን ነው። በ1798 የናፖሊዮን ወታደሮች አል አዝሀር ገብተው የተማሪዎቹን ሣጥን እንደሰበሩ፣ ዕቃቸውን እንደዘረፉ፣ ኪታቦችን መሬት ላይ እንደበተኑ አልጀበርቲ ጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ የወቅፍ መሬቶችን ወደ መንግሥት አዞረ። ሣጥን ቢሰበር ይጠገናል፤ ወቅፍ ሲነካ ግን የነገው ተማሪ ዳቦ ነው የሚነካው።

በሀገራችንም ወሎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረሳው ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ በሸይኹ ግቢ ዙሪያ በትናንሽ ጎጆ ያድር ነበር፤ የሚበላውን መንደሩ ይሰጠዋል፤ እሱም በእርሻው ሥራ ያግዛል። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ወቅፍ ልንለው እንችላለን።

ዛሬስ? የአል አዝሀር የውጭ ተማሪዎች ካይሮ ላይ የተሠራላቸው መኖሪያ ከተማ አላቸው። እዚያ ቦታ ያላገኘው ግን በየሰፈሩ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚማረው። ወደ እኛም ከጎረቤት ሀገር ለትምህርት የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ከሶላት በኋላ «ክፍል የሚያከራይ ታውቃላችሁ?» ብለው ይጠይቁናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። ከተማሪ ኪራይ መቀበል ነውር አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው የዕውቀት ቤት በኪራይ ገቢም ቆሟል። ነውሩ እንግድነትንና ኪራይን ማደባለቅ ነው። «እንደ ልጃችን ነው» እያሉ ዋጋውን ሳይወስኑ አስገብተው በየወሩ መጨመር፣ ሀገሩን አያውቅም ብሎ ከጎረቤት እጥፍ ማስከፈል፣ «ቤቴ ነው» ብሎ በሩን ሳያንኳኩ መግባት። በፊቅህ ኢጃራ የሚጸናው ዋጋውና ጊዜው ለሁለቱም ወገን ሲታወቅ ነው። ተከራይ በውሉ ዘመን የክፍሉ ጥቅም ባለቤት ነው። ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትን የከለከለችው የሱረቱ ኑር አንቀጽ አከራይን ነጥላ አልተወችም። ተከራዩም የባለቤቱን ሐረምና ሰላም የመጠበቅ፣ ኪራዩን በቀኑ የመክፈል አማና አለበት።

በየሰፈራችን ያለን ጀመዐዎች ደግሞ አንድ ነገር እናስብበት። ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያ በየዓመቱ እናዋጣለን። አንድ ክፍል ቤት ለደረሳ ወቅፍ ብናደርግስ? ወይም የአንድ ሱቅ ኪራይ የአንድ ተማሪ ኪራይ ቢሸፍንስ? ለዘመናት የጀበርት ልጆች በሰው ሀገር ዳቦና ጣሪያ ያገኙት ከማያውቋቸው ሰዎች ወቅፍ ነው። ያ ውለታ በእኛ ላይ አለ። የሚመለሰው ዛሬ በራችንን ለሚያንኳኳው ነው።

አላህ ቤታችንን የዕውቀት ፈላጊ ማረፊያ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።