የጨንቻ ሸማኔ ወገብ፦ የሥራና የዕረፍት ታሪክ

በጋሞ ደጋ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። በአካባቢው ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ሲኖሩ፣ ሽመና ግን የባለ መሬቱ ገበሬ ሙያ ሆኖ ቆይቷል። በጨንቻና በአጎራባቿ በዶርዜ ሙያው እንዲህ ወደ ብዙ ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሽመናን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ጥለቱና ስለ ገበያው ይተርካሉ። ጨርቁን ያወጣው ወገብ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ብርዱ ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጡ ከአባያ ሐይቅ ዙሪያ ካለው ቆላ ይመጣ ነበር። የመኪና መንገድ ከመኖሩ በፊት ከሺህ ሜትር በላይ የሚሆነውን ዳገት የሚወጣው በሰውና በከብት ጀርባ ነበር። ደጋ ከደረሰ በኋላ ሴቶች በመዳመጫ ፍሬውን ይለያሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ። ፈታይዋ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ይህን የምትሠራው እንሰት ስትፍቅ፣ ውኃና እንጨት ስትሸከም ውላ ነው። በጋሞ ቤት ከባዱን ሸክም የተሸከመው የሴቷ ጀርባ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም።

ሸማኔው የሚሠራው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ነው። መቀመጫው ከመሬቱ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን እግሮቹ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ። በእግሩ ጣቶች የመርገጫውን ገመድ ይዞ አንዱን ሲረግጥ ከድሩ ግማሹ ይነሳል፤ በተከፈተው መንገድ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀልባል፤ ወዲያው የሸምበቆ ጥርስ ያለውን መምቻ ወደ ሆዱ ስቦ ማጉን ያጠብቃል። ከዚያ ሌላኛውን ይረግጣል። የተሠራው ጨርቅ እጭኑ አጠገብ ባለው መጠቅለያ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ክንድ ጨርቅ ለማውጣት ይህ እንቅስቃሴ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ባለ አራት ድርቡ ጋቢ፣ ወፍራሙ ቡልኮ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ሁሉም እንዲህ የተሠሩ ናቸው።

ጉድጓዱ ለወገብ ትልቅ ውለታ ውሏል። መሬት ላይ እግር አጥፎ የሚቀመጥ ሰው ዳሌው ወደ ኋላ ይዞርና የታችኛው ጀርባው ይጎብጣል። እግር ወደ ታች ሲወርድ ግን ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ይላል፤ የወገብም የተፈጥሮ ቅርጽ በተሻለ ይጠበቃል። ውለታው እዚህ ላይ ያበቃል። መደገፊያ የለም፤ ዓይን ክሩን ሲከተል አንገት ይደፋል፤ መወርወሪያውን ለመቀለብ ትከሻ ወደ ፊት ያደላል። ድካሙን የሚያበዛው ደግሞ ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱ የረዘመው ደግሞ በታሪክ ምክንያት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ጋሞን ሲይዝ ግብር እና የገባር ሥርዓት ተከተሉ፤ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራም የግድ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሸማ ፈላጊ ብዙ ነበረባት። የጋሞ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በተለይ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ሰፈሩ። በአገሩ ሸማኔው በእርሻ ሥራ ወቅት ጉድጓዱን ትቶ ሞፈር ወይም መቆፈሪያ ይዞ ይነሳ ነበር፤ አካሉም ሥራ ይለውጣል። ከተማ ውስጥ እርሻ የለም። ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ክፍያው በቁራጭ ሆኖ፣ ሥራው ከንጋት እስከ ማታ ቀጠለ። ከጋሞ ደጋ እየተወሰዱ ጉድጓድ ላይ የተቀመጡ ሕፃናትም ነበሩ፤ አጥንታቸው ገና ሳይጠና ይህን ሸክም መሸከማቸው የሙያው እጅግ አሳዛኝ ገጽ ነው።

ዕረፍትን የጠበቀው የበዓል ሥርዓት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በሰንበትና በከበሩ በዓላት አይሸመንም። ከሁሉ የሚበልጠው መስቀል ነው። መስከረም ሲደርስ አገሩን የለቀቀው ሸማኔ ወደ ጋሞ ይመለሳል፤ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር በተጠራቀመ ገንዘብ በሬ ይታረዳል፣ ይጨፈራል፣ ዘመድ ይጠየቃል። ለወገብም የዓመቱ ረጅሙ ፈውስ ይኸው ነበር ቢባል ስህተት አይሆንም፤ መቀመጥ ቀርቶ መራመድና መጨፈር ይተካል። በሌላው ጊዜ ወገቡን የያዘው ሰው ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወጌሻውም በቅቤ ያሻል። መታሸት የተኮማተረ ሥጋን ያላላል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ሐኪም ቤት መሄድ ይሻላል።

ወገብን በድጋፍ የማሳረፍ ሌላ ሥርዓት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ተደራጅቷል። በልጅነቱ በሽታ ሲያንገላታው የነበረው ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር (እ.ኤ.አ. 1918–2014) ፑኔ ከተማ ውስጥ ዮጋን በእንጨት ጡብ፣ በቀበቶ፣ በገመድ፣ በወንበርና በታጠፈ ብርድ ልብስ እያገዘ አስተማረ። ተማሪው የነበረችው አሜሪካዊቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጁዲት ሃንሰን ላሳተር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው መጽሐፍ የዚህን የዕረፍት ዮጋ ስልት ለብዙዎች አስተዋወቀች። ከሁሉ የሚቀለው አቀማመጥ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ባትን ወንበር ላይ ማሳረፍ ነው። ጭንን ከወገብ ጋር የሚያያይዘው ጡንቻ ይላላል፤ የእግሩን ክብደት ወንበሩ፣ የጀርባውን ወለሉ ይሸከማል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል እንዲህ ይቆያል። በጨንቻ ቤት ለዚህ የሚጎድል ዕቃ የለም፤ ዱካ ላይ የታጠፈ ቡልኮና ለራስ የሚሆን ጋቢ ይበቃሉ።

በቅርብ አሥርት ዓመታት ከመሬት በላይ የሚቆምና አግዳሚ መቀመጫ ያለው የተሻሻለ የሽመና መሣሪያ ተሰራጭቷል። ዋጋውና የሚይዘው ቦታ ብዙዎችን አግዷል፤ የጉድጓዱ ሽመና አሁንም ብዙ ቦታ ይታያል። አዲሱ መሣሪያ ሸማኔውን ከእርጥብ መሬት አንስቶታል፣ ሰፋ ያለ ጨርቅም ያስወጣዋል። ማጎንበሱ ግን ከመወርወሪያው ጋር የተያያዘ ነውና በአግዳሚውም ላይ አልቀረም፤ ለእርሱ የሚበጀው አንድ መጠቅለያ ሳይሞላ በየመካከሉ ተነስቶ መራመድና ጀርባን ቀጥ ማድረግ ነው።