የአሶሳ ልጅ ምን እያየ አደገ? ለልጁስ ምን ያሳየው?

ወላጅ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ይህን እኔ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ ነው ያየሁት» ማለቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው መልሱ ቅርብ ነው። አሶሳ ላደገ ግን ጥያቄው ራሱ ታሪክ አለው። ስክሪን ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የደረሰው ዘግይቶ፣ በሌላ ሰው ቋንቋ፣ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እያወራ ነውና።

*አባባ ተስፋዬ ሩቅ በነበሩበት ዘመን*

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ሥርጭቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋና ከተማዋና ከዙሪያዋ ብዙም አይርቅም ነበር። በዚያ ስክሪን ላይ ነው ተስፋዬ ሣህሉ «አባባ ተስፋዬ» የሆኑት። የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ተጫውተዋል፤ ኮሪያ ድረስ ዘምተው የኢትዮጵያን ወታደሮች አዝናንተዋል። የልጆችን ፕሮግራም ለ42 ዓመታት መርተው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ።

የአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። አንድ አዋቂ ይቀመጣል፣ ተረት ይናገራል፣ በመጨረሻም ተረቱ ምን እንዳስተማረ ለልጆች ያስረዳል። ያው የምድጃ ዳር ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ ካሜራ መኖሩ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአሶሳና በዙሪያዋ የበርታ፣ የማኦና የኮሞ አዛውንቶች፣ በመተከልና በካማሺ ደግሞ የጉሙዝና የሽናሻ አዛውንቶች ይህንኑ ያለ ካሜራ ይሠሩት ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን የአሶሳ ልጅ ተረት አልጎደለበትም። የጎደለው ሌላ ነው፤ የእሱን ተረት አዲስ አበባ ያለው ልጅ አልሰማለትም።

*ቪዲዮ ቤትና ዲሽ*

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በተለይም ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በመንግሥት ሠፈራ ብዙ ቤተሰብ ወደ አሶሳ መጣ። በየሠፈራ መንደሩ አማርኛ ተሰማ። ገበያው ቀድሞም የሱዳን አረብኛ ይሰማበት ነበር፤ ኦሮምኛም አልጠፋም። አንድ ልጅ እናቱን በአንድ ቋንቋ፣ ባለሱቁን በሌላ፣ መምህሩን በሦስተኛ ማናገሩ የተለመደ ሆነ።

በ1990ዎቹ በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፋው ቪዲዮ ቤት አራተኛና አምስተኛ ቋንቋ ጨመረ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ የሚከፈል ጥቂት ሳንቲም። የሚታየው ራምቦ፣ ጃኪ ቻን፣ ቫን ዳም፣ አልያም የህንድ ፊልም ነው። እንግሊዝኛውንም ሆነ ሂንዲውን የሚረዳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ግን ማን እንደተበደለ፣ ማን እንደሚበቀል፣ «አክተሩ» እንደማይሞት ሁሉም ያውቅ ነበር። ፊልሞቹ ለልጅ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም፤ ሆኖም የአንድ ትውልድ «የልጅነት ፊልም» እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ዲሽ መጣ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በናይልሳት በሚሰራጩበት ዘመን ሪሲቨር የገዛ ቤት የአረብ ጣቢያዎችን አብሮ ያገኝ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ስፔስቱን የጃፓን ካርቱኖችን በአረብኛ ድምፅ እያስቀዳ ያሳይ ነበር፤ ኤምቢሲ 3 ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለ። የመሃል አገሩ ልጅ ካርቱኑን በምስሉ ብቻ ሲከታተል፣ አረብኛ ከገበያ የሰማና ቁርኣን የቀራ የአሶሳ ልጅ ግን ጆሮው ቃላቱን ይይዝለታል። የስፔስቱን አረብኛ የመጽሐፍ አረብኛ ነው፤ ከሱዳኑ ይለያል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ዳር አገር ነው የተባለው ልጅ ለአንድ ጊዜ ከመሃሉ የቀደመው እዚህ ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማስቀዳት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ተዛወሩ፤ ዲሹን ያዞረ ቤት የአረብ ካርቱን ቀረበት። የልጆች ጣዕም በአንድ የዲሽ ማዞር ተቀየረ።

*ቃል የሌላቸው ፊልሞች*

በዚህ ሁሉ መሀል ከማንም ቋንቋ ያልወገኑ ፊልሞች ነበሩ፤ ቻርሊ ቻፕሊን፣ ቶም እና ጄሪ፣ ሚስተር ቢን። ብዙ ቋንቋ ባለበት ከተማ የእነዚህ ዋጋ የተለየ ነው። የበርታው፣ የወሎው ሠፋሪና የኦሮሞው ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እኩል ጊዜ ላይ ይስቃሉ። ተርጓሚ የለም፤ ቀድሞ ገብቶት ለሌላው የሚያስረዳ አለቃም የለም።

ከእነዚህ ውስጥ ለልጅ መተላለፍ ያለበት አንድ ቢመረጥ በ1921 እ.ኤ.አ. የተሠራው የቻፕሊን «ኪድ» ነው። አንድ ድሃ የተጣለ ሕፃን አግኝቶ ያሳድጋል። ልጁ በድንጋይ መስኮት ይሰብራል፤ አሳዳጊው ድንገት ያለፈ መስሎ መስታወት ሊገጥም ይመጣል። ሕፃን ይህን አይቶ ይንከተከታል። የመንግሥት ሰዎች ልጁን ሊወስዱት ሲመጡ ግን ሳቁ ይቆማል። ቻፕሊን ራሱ ለንደን ውስጥ በድህነት ያደገ፣ በድሆች ማቆያ ያለፈ ልጅ ነበር። በክልሉ ዘመድ ያሳደገው ልጅ፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ፣ ከሱዳን ተሰዶ ሸርቆሌና ባምባሲ መጠለያ የሚኖር ልጅ አለ። ለእነሱ ይህ የመቶ ዓመት ፊልም አላረጀም።

ቶም እና ጄሪን ግን ወላጅ እንደገና ሊያየው ይገባል። ከ1940 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና ድምፅዋ ብቻ የሚቀርብ ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። አሜሪካኖች ራሳቸው በኋላ አፍረውበት ድምፅዋን ለውጠዋል፤ የተቆረጡ ትዕይንቶችም አሉ። ይህ ለአሶሳ ሩቅ ወሬ አይደለም። የምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በቆዳቸው ጥቁረት የተነሳ የስድብ ስም ወጥቶላቸው፣ በባርነት ተሽጠው ያለፉበት ታሪክ አላቸው። ልጅ ካርቱኑን ማየቱ ነውር የለውም፤ ነገር ግን «ይቺ ሴትዮ ፊት የሌላት ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት አዋቂ አጠገቡ ይኑር።

*ከአገር ቤት*

የኢትዮጵያ ፊልም ለልጅ ብዙ አልሠራም። ያሉት ጥቂቶች ግን ይበቃሉ ባይባልም ይጠቅማሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አንዱ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ የቀረችው አንዲት በግ ናት፤ እሷንም አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ኤፍሬም ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ይህ የወንድ ሥራ አይደለም ይላል። አያቱ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ የሠፈረበት ልጅ ይህን ታሪክ ሲያይ የቤቱን ታሪክ ነው የሚያየው። አባት ወይም እናት «አያትህም እንዲህ ነው የመጣው» ብለው የሚጀምሩበት ፊልም ነው።

ለትናንሾቹ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለች። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. በቤታቸው በጨርቅ አሻንጉሊት የጀመሩት ሥራ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት። ቀጭኔ ብሔር የላትም፤ ማንም ልጅ «የእኔ ናት» ሊላት ይችላል። ከአማርኛ ውጭ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ተዘጋጅታለች።

*ምርጫው በእጅ ነው*

ይህ ሁሉ የትዝታ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበደ። በመተከል ግጭት ዓመታት የግፍ ቪዲዮዎች ከስልክ ወደ ስልክ ተዘዋውረዋል። ያንን ያዩ ዓይኖች ውስጥ የልጆችም አሉ። ፊልም በፍላሽና በሜሞሪ የሚጭን ሱቅ ዛሬ በየከተማው አለ፤ ስልክ ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአሶሳ ወላጅ ጥያቄ «ልጄ ስክሪን ይይ ወይስ አይይ» የሚል አይደለም። ልጁ ያያል። የጎረቤቱን ልጅ እንደ ጠላት የሚያሳየውን ይይ ወይስ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር የሚያስቀውን? ጥያቄው ይህ ነው።

ሁለተኛም ጉዳይ አለ። በጉባ የተሠራው የህዳሴ ግድብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ጀምሮ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ በኢትዮጵያ ስክሪኖች ሳይታይ የቀረበት ሳምንት ጥቂት ነው። ኮንክሪቱን፣ ተርባይኑንና ውኃውን ሁሉም ያውቀዋል። የጉባን ልጅ ስም፣ ጨዋታና ተረት ግን ስንቱ ያውቃል? የበርታ፣ የጉሙዝና የሽናሻ ቋንቋዎች በፊደል ተጽፈው በመጀመሪያ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች ማስተማሪያ ከሆኑ ቆይተዋል። ማንበቢያ መጽሐፍ የሆነ ቋንቋ የቀጭኔ አሻንጉሊት ድምፅ መሆን አያቅተውም። ለክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ይህ ግድብ የመገንባት ያህል ወጪ አይጠይቅም፤ አባባ ተስፋዬ የጀመሩት በወንበርና በተረት ነው።

ያ እስኪሆን ወላጅ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። «ኪድ»ን ከፍቶ ድምፅ የሌለበትን ቦታ በራሱ ቋንቋ ይሞላዋል። የጎረቤቱንም ልጅ ይጠራል፤ እሱም በራሱ ቋንቋ ይስቃል።